የዴስክቶፕ ራም አስተማማኝነትና አመራረጥ

ራም ማለት ኮምፒውተር በሥራ ላይ ሳለ የሚጠቀምባቸውን ፕሮግራሞችና መረጃዎች ለጊዜው የሚይዝ የማስታወሻ ክፍል ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ «ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ» ተብሎም ይጠራል። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በራሳቸው የሚገጣጥሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ራም የሚመርጡት መጠኑንና ፍጥነቱን አይተው ነው። አስተማማኝነቱ ግን ከሁለቱ ያልተናነሰ ጉዳይ ነው።

ምክንያቱም ወደ ዲስክ የሚጻፍ ፋይል ሁሉ አስቀድሞ በራም ውስጥ ያልፋል። በራም ውስጥ አንድ ቢት ቢዛባ ዲስኩ ላይ የሚቀመጠው የተዛባው ፋይል ነው። ከዚያ በኋላ መጠባበቂያ ቅጂ ቢወሰድ የሚገለበጠውም ያው የተበላሸው ነው። ዲስክ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ያሳያል፤ የራም ስህተት ግን ምንም ሳይናገር የመመረቂያ ጽሑፍን፣ የሂሳብ መዝገብን ወይም የቤተሰብ ፎቶን ሊያበላሽ ይችላል።

ራም እንዴት ይሠራል

በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው ዋና ራም «ዲራም» የሚባለው ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ቢት የሚቀመጠው በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ውስጥ ነው። ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ ከያዘ 1፣ ባዶ ከሆነ 0 ተብሎ ይነበባል። ይህን አሠራር በ1966 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው የአይቢኤም መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ ሲሆን፣ የባለቤትነት መብቱን (ፓተንቱን) ያገኘው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ኢንቴል ኩባንያ 1103 የተባለውን ባለ 1 ኪሎቢት ቺፕ ለገበያ አቀረበ።

ካፓሲተሩ እጅግ ትንሽ ስለሆነ የያዘው ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ያፈሳል። ስለዚህ ራሙ ሁልጊዜ መታደስ አለበት፤ በዲዲአር4 መደበኛ ሙቀት ላይ እያንዳንዱ ረድፍ በ64 ሚሊሰኮንድ ውስጥ አንድ ጊዜ ይታደሳል። በሌላ አነጋገር ራም ቀዳዳ ባላቸው ማሰሮዎች እንደሚመሰል፣ ውኃው ሳያልቅ ደጋግሞ የሚሞላ ሰው የሚያስፈልገው ነገር ነው። አንዱ ማሰሮ ከሌሎቹ ፈጥኖ የሚያፈስ ከሆነ ወይም ሙላቱ ከዘገየ 1 የነበረው 0 ሆኖ ይነበባል።

የስህተት ዓይነቶች

የራም ስህተቶች በጥቅሉ በአራት ይከፈላሉ።

ቋሚ ስህተት፦ በቺፑ ውስጥ ያለ አንድ ሕዋስ ወይም መስመር ሲበላሽ የሚፈጠር ነው። በፋብሪካ ጉድለት፣ በእርጅና፣ በተሳሳተ ቮልቴጅ ወይም በስታቲክ ኤሌክትሪክ ምክንያት ሊመጣ ይችላል። ስህተቱ በዚያው ቦታ ይደጋገማል፤ ስለዚህም በሙከራ ሊገኝ ይችላል።

ጊዜያዊ ስህተት፦ ቺፑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የያዘው ቢት ብቻ የሚገለበጥበት ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ቲሞቲ ሜይ እና መሪ ዉድስ የተባሉ የኢንቴል ባለሙያዎች፣ ከቺፖቹ ማሸጊያ የሚወጡ የአልፋ ቅንጣቶች ቢቶችን እንደሚገለብጡ አሳዩ። ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች የሚያስከትሏቸው ኒውትሮኖችም ይህንኑ ያደርጋሉ። የኒውትሮኖቹ ብዛት ከባሕር ወለል ከፍ በተባለ መጠን ይጨምራል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ እንደ አዲስ አበባ ያለች ከተማ በዚህ በኩል ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ ተጋላጭ ናት። በአንጻሩ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ መሆኗ የተወሰነውን ጨረር ይመልስላታል።

የአጎራባች ረድፎች ረብሻ፦ አንድ ረድፍ በጣም ተደጋግሞ ሲነበብ ጎን ለጎን ያሉ ረድፎች ኤሌክትሪካቸውን ያጣሉ። ይህ «ሮውሃመር» ይባላል። በ2014 እ.ኤ.አ. የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲና የኢንቴል ተመራማሪዎች 129 የራም ካርዶችን ሞክረው በ110ሩ ላይ ይህን ችግር ማግኘታቸውን አሳትመዋል። በኋላም ይኸው ድክመት ለኮምፒውተር ጥቃት ሊውል እንደሚችል ታይቷል።

የአስተካከል ስህተት፦ ራሙ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ከሚችለው በላይ በሆነ ፍጥነት ወይም በማይስማማው ቮልቴጅ እንዲሠራ ሲደረግ የሚመጣ ነው። ተጠቃሚዎች በራሳቸው በሚገጣጥሟቸው ኮምፒውተሮች ላይ አዘውትሮ የሚታይ ሲሆን፣ ምንም ሳይገዙ ሊታረም የሚችለውም ይኸኛው ብቻ ነው።

ስህተት ምን ያህል ያጋጥማል

በ2009 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች በኩባንያው የመረጃ ማዕከሎች ከሁለት ዓመት በላይ የተሰበሰበ መረጃ አጥንተው አሳተሙ። በጥናቱ መሠረት ከኮምፒውተሮቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ፣ ከራም ካርዶቹ ደግሞ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዓመት ቢያንስ አንድ ስህተት ታይቶባቸዋል። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ካርድ እንደገና የመሳሳት ዕድሉ ከሌሎቹ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነስተው፣ አብዛኛው ስህተት ከጠፈር ጨረር ሳይሆን ከካርዱ ከራሱ ጉድለት የሚመጣ መሆኑን ደመደሙ። ለገዢ ይህ መልካም ዜና ነው፤ የካርድ ጉድለት በጥሩ ምርጫና በሙከራ ሊቀነስ ይችላልና።

የአንድ ቢት መዛባት የሚያስከትለውን ለማሳየት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በቤልጅግ የተከሰተው ነው። በግንቦት 2003 እ.ኤ.አ. በተደረገው ምርጫ፣ በብራሰልስ አካባቢ በምትገኘው ስካርቤክ ውስጥ አንዲት ተወዳዳሪ ልታገኝ ከምትችለው በላይ ድምፅ ተቆጠረላት። ትርፉ በትክክል 4,096 ነበር። ይህ ቁጥር 2 በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ስለሆነ፣ በማሽኑ ራም ውስጥ አንድ ቢት ብቻ ከ0 ወደ 1 መገለበጡ ተጠረጠረ። የገለበጠው ነገር ምን እንደሆነ በማስረጃ አልተረጋገጠም። ስህተቱ የታወቀው ቁጥሩ ሊሆን የማይችል ስለነበረ ብቻ ነው፤ ትርፉ ጥቂት ድምፅ ቢሆን ኖሮ ሳይታወቅ ባለፈ ነበር።

የዲዲአር ትውልዶች

የራም መመዘኛዎችን የሚያወጣው ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪ ማኅበር ነው። ለዴስክቶፕ በአሁኑ ጊዜ በሥራ ላይ ያሉት ሦስት ትውልዶች ናቸው።

* ዲዲአር3 (2007 እ.ኤ.አ.)፦ 240 እግሮች፣ 1.5 ቮልት። ባገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ይገኛል።
* ዲዲአር4 (መመዘኛው የወጣው በ2012፣ ገበያ ላይ የዋለው በ2014 እ.ኤ.አ.)፦ 288 እግሮች፣ 1.2 ቮልት፣ በመመዘኛው እስከ 3200 የሚደርስ ፍጥነት።
* ዲዲአር5 (መመዘኛው የወጣው በ2020፣ ለተራ ተጠቃሚ የደረሰው በ2021 እ.ኤ.አ.)፦ 288 እግሮች፣ 1.1 ቮልት፣ በተለምዶ ከ4800 የሚጀምር ፍጥነት።

ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የእግራቸው ቁጥር እኩል ቢሆንም መሐል ላይ ያለው ቀዳዳ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት ውስጥ አይገባም። በጉልበት ለማስገባት መሞከር ስሎቱን ይሰብራል። የላፕቶፕ ራምም አጠር ያለ ስለሆነ ለተራ ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ አይሆንም።

የትኛው ትውልድ እንደሚገዛ የሚወስነው ማዘርቦርዱ ነው። የኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት ያላቸው ቦርዶች ዲዲአር4፣ ኤኤም5 ያላቸው ደግሞ ዲዲአር5 ብቻ ይቀበላሉ። የኢንቴል ኤልጂኤ1700 ሶኬት ያላቸው ቦርዶች ግን በሁለቱም ዓይነት ተሠርተው ስለሚሸጡ፣ ከፕሮሰሰሩ ስም ብቻ ተነስቶ ራም መግዛት ያሳስታል።

ፍጥነትና መዘግየት

በማሸጊያው ላይ 3200 ወይም 6000 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በሰኮንድ የሚደረገውን የዝውውር ብዛት በሚሊዮን ያመለክታል። ሻጮች «ሜጋኸርዝ» ቢሉትም፣ ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ እውነተኛው የምት ፍጥነት የቁጥሩ ግማሽ ነው።

ሌላው ቁጥር «ሲኤል» የሚባለው ነው። መረጃ ከተጠየቀ በኋላ እስኪመጣ የሚያልፉትን ምቶች ይቆጥራል። መዘግየቱን በናኖሰኮንድ ለማወቅ ሲኤሉ በ2000 ተባዝቶ ለፍጥነቱ ይካፈላል።

* 3200፣ ሲኤል 16፦ 10 ናኖሰኮንድ
* 3600፣ ሲኤል 18፦ 10 ናኖሰኮንድ
* 4800፣ ሲኤል 40፦ 16.7 ናኖሰኮንድ ገደማ
* 6000፣ ሲኤል 30፦ 10 ናኖሰኮንድ

ከዚህ እንደሚታየው ሲኤሉ ትልቅ የሆነ ራም ሁሉ ዘገምተኛ፣ ፍጥነቱ ትልቅ የሆነም ሁሉ ፈጣን ምላሽ ሰጪ አይደለም። ሁለቱ አብረው መታየት አለባቸው።

ኤክስኤምፒ እና ኤክስፖ

ብዙ ራሞች ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ፍጥነት የሚሠሩት በባዮስ ውስጥ ልዩ አስተካከል ሲበራ ብቻ ነው። የኢንቴሉ አስተካከል ኤክስኤምፒ፣ ኤኤምዲ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደግሞ ኤክስፖ ይባላል። አስተካከሉ ካልበራ ራሙ በጄዴክ መመዘኛ ዝግ ብሎ ይሠራል። ሲበራ ግን ፍጥነቱም ቮልቴጁም ከመመዘኛው በላይ ይሆናል፤ ለምሳሌ ብዙ የዲዲአር4 ራሞች ከ1.2 ወደ 1.35 ቮልት ከፍ ይላሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የራሙ አምራች ዋስትና የሰጠው ለካርዱ እንጂ ለፕሮሰሰሩ አለመሆኑ ነው። ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል ያለው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ለምሳሌ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች በሁለት ፍሬ ራም እስከ 5200፣ በአራት ፍሬ ደግሞ እስከ 3600 ድረስ እንደሚሠሩ ነው አምራቹ በይፋ የሚገልጸው። ከዚያ በላይ ብዙ ጊዜ ቢሠራም የሚሠራው በዕድል ነው። ስለዚህ አስተማማኝነትን የሚያስቀድም ሰው በፕሮሰሰሩ አምራች ከተገለጸው ፍጥነት ባይወጣ፣ ቢወጣም ደግሞ በደንብ ሞክሮ ቢሆን ይመረጣል።

ሲገዙ የሚታዩ ነገሮች

መጠን፦ ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔትና ለመሳሰለው 8 ጊጋባይት ይበቃል፤ ለአጠቃላይ ሥራና ለፕሮግራም ጽሕፈት 16፣ ለቪዲዮ ማቀናበርና ቨርቹዋል ማሽን ለማስኬድ 32 ጊጋባይት ተመራጭ ነው። ራሙ ሲያንስ ኮምፒውተሩ ዲስክን እንደ ራም መጠቀም ስለሚጀምር ይንቀራፈፋል።

ብዛት፦ ሁለት ፍሬ ራም በትክክለኛ ስሎቶች ሲገጠም ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር በአንድ ጊዜ ያነባል። ባለ 3200 ዲዲአር4 በአንድ መስመር በሰኮንድ 25.6፣ በሁለት መስመር 51.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ስለዚህ 16 ጊጋባይት የሚፈልግ ሰው አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ቢገዛ ይሻለዋል። አራት ፍሬ መግጠም ግን በፕሮሰሰሩ ላይ ጫና ስለሚጨምር ፍጥነትን መቀነስ ሊያስገድድ ይችላል።

አብሮ የታሸገ መግዛት፦ በአንድ ማሸጊያ የሚሸጡ ሁለት ፍሬዎች አብረው የተሞከሩ ናቸው። ለየብቻ የተገዙ ሁለት ራሞች ስማቸውና ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም በውስጣቸው ያለው ቺፕ ሊለያይ ይችላል። ተለያይተው በደንብ የሚሠሩ ሁለት ካርዶች አብረው ሲገጠሙ ስህተት የሚፈጥሩበት ጊዜ አለ።

የተሞከሩ ራሞች ዝርዝር፦ የማዘርቦርድ አምራቾች በድረ ገጻቸው ላይ ከየቦርዱ ጋር የሞከሯቸውን ራሞች ዝርዝር ያወጣሉ። በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖር አይሠራም ማለት ባይሆንም፣ መኖሩ ግን ጥርጣሬን ይቀንሳል።

አምራች፦ የዓለምን የዲራም ቺፕ በብዛት የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ እና ማይክሮን ናቸው። እንደ ኪንግስተን፣ ኮርሴር እና ጂ.ስኪል ያሉት ደግሞ ቺፑን ገዝተው ካርዱን የሚያዘጋጁ ናቸው። በዚህም የተነሳ የአንድ ኩባንያ አንድ ዓይነት ራም ዛሬና ከዓመት በኋላ የተለያየ ቺፕ ሊኖረው ይችላል። መብራትና ትልቅ የብረት ሽፋን ለአስተማማኝነት የሚጨምሩት ነገር ጥቂት ነው፤ ከፍ ያለ ሽፋን እንዲያውም ከፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ዋስትና፦ ብዙ ታዋቂ አምራቾች ለራም የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ። ይህ ዋስትና ጥቅም የሚኖረው ግን ደረሰኙ ሲቀመጥና ሻጩ ወይም ወኪሉ በአገር ውስጥ ሲኖር ነው። ከውጭ አገር በዘመድ በኩል የመጣ ራም ቢበላሽ ወደ አምራቹ መመለሱ ከራሙ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ራሙ ከመላኩ በፊት እዚያው ቢሞከር ጥሩ ነው።

ስህተት የሚያርም ራም

ኢሲሲ የሚባለው ራም ስህተትን ፈልጎ የሚያርም ነው። መሠረቱ የቤል ላብራቶሪ የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ሃሚንግ በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የስህተት ማረሚያ ኮድ ነው። በዲዲአር4 ላይ ለእያንዳንዱ 64 ቢት መረጃ 8 ተጨማሪ ቢቶች ይቀመጣሉ። በእነዚህም አማካይነት አንድ ቢት ቢዛባ ይታረማል፤ ሁለት ቢቶች ቢዛቡ ደግሞ መሳሳቱ ይታወቃል፤ ኮምፒውተሩም የተበላሸ መረጃ ይዞ ከመቀጠል ይልቅ ያስታውቃል ወይም ይቆማል። ለተጨማሪዎቹ ቢቶች ተጨማሪ ቺፕ ስለሚያስፈልግ፣ በተራ ዲዲአር4 ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 16 ቺፖች ሲኖሩ በኢሲሲው ላይ 9 ወይም 18 ይገኛሉ።

ኢሲሲ እንዲሠራ ራሙ፣ ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ ሦስቱም ሊደግፉት ይገባል። ብዙ የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ማዘርቦርዱ ከፈቀደ ይደግፉታል። በኢንቴል በኩል ከ12ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉ በርካታ የኮር ፕሮሰሰሮች ደብሊው680 ቺፕሴት ባላቸው ቦርዶች ላይ ይደግፉታል። ለሰርቨር የሚሠራው «ሬጅስተርድ» ራም ግን በተራ ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም። ያገለገለ የሰርቨር ራም ርካሽ ሆኖ ስለሚገኝ በዚህ የሚሳሳቱ ገዢዎች አሉ።

ዲዲአር5 በቺፑ ውስጥ የራሱ ማረሚያ ስላለው አንዳንድ ማስታወቂያዎች ሙሉ ኢሲሲ እንዳለው አድርገው ያቀርቡታል። ይህ ማረሚያ የሚጠብቀው በቺፑ ውስጥ ያለውን መረጃ ብቻ ነው። ከቺፑ ወደ ፕሮሰሰሩ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚፈጠረውን ስህተት አያይም፣ ያረመውንም በተራ ኮምፒውተር ላይ ለተጠቃሚው አያስታውቅም። ስለዚህ የኢሲሲን ቦታ አይተካም።

ለጨዋታና ለተራ ሥራ ኢሲሲ ግዴታ አይደለም። የሌሎች ሰዎች መረጃ ለሚቀመጥበት፣ ሌት ተቀን ለሚሠራ ወይም የሳምንታት ስሌት ለሚያካሂድ ኮምፒውተር ግን ተጨማሪ ወጪው የሚያስቆጭ አይሆንም።

አገጣጠም

ከመግጠም በፊት ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ የማስነሻ ቁልፉ አንድ ጊዜ ተጭኖ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ይደረጋል። ቀጥሎ በሰውነት ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዲወርድ ያልተቀባ የኬዙን ብረት መንካት ያስፈልጋል። ካርዱ የሚያዘው በጠርዙ ነው፤ የወርቃማ እግሮቹ አይነኩም። አራት ስሎት ባላቸው ብዙ ቦርዶች ላይ ሁለት ፍሬ ራም የሚገባው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በ2ኛውና በ4ኛው ስሎት ነው፤ ይሁንና የቦርዱን መመሪያ ማየት ይገባል። መቆለፊያው ቀጭ እስኪል ድረስ ሁለቱም ጫፎች እኩል ይጫናሉ።

ዲዲአር5 ያለው ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ራሙን እስኪለማመድ ድረስ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ተበላሸ ብሎ ወዲያው ማጥፋት አይገባም።

ጥሩ ፓወር ሰፕላይም የአስተማማኝነት አካል ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ በራም ውስጥ ያለና ገና ወደ ዲስክ ያልተጻፈ ሥራ ሁሉ ስለሚጠፋ፣ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ዩፒኤስ መጠቀም ውድ ራም ከመግዛት ሊቀድም ይችላል።

ሙከራ

አዲስም ሆነ ያገለገለ ራም ከተገጠመ በኋላ፣ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ከመጫኑ በፊት መሞከር አለበት። በስፋት የሚታወቀው ሜምቴስት86+ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። በፍላሽ ላይ ተጭኖ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ እንዲነሳ ይደረጋል። ፕሮግራሙ በራሙ ላይ የተለያዩ ቅርጾችን እየጻፈ መልሶ ያነባል፤ የጻፈውና ያነበበው ካልተስማማ ቦታውን በቀይ ያሳያል። አንድ ዙር ብቻ አይበቃም፤ ሌሊቱን ሙሉ ወይም ቢያንስ አራት ዙር ማስኬድ የተለመደ ነው። ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚበራ ከሆነ ሙከራው መደረግ ያለበት እሱ በርቶ ነው። በዊንዶውስ ውስጥም የራም መመርመሪያ አለ፤ ይሁን እንጂ ከሜምቴስት ያነሰ ጥብቅ ነው።

በጤነኛ ራም ላይ ሊኖር የሚገባው የስህተት ቁጥር ዜሮ ነው። «አንድ ስህተት ብቻ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር የለም።

በሥራ ላይ ባለ ኮምፒውተር የሚከተሉት ምልክቶች ራምን ያስጠረጥራሉ፦

* ሰማያዊ ስክሪን በየጊዜው በተለያየ የስህተት ስም መምጣቱ፣
* ዊንዶውስ ሲጫን በየሙከራው በተለያየ ቦታ ላይ መቋረጡ፣
* የታመቀ ፋይል አንድ ጊዜ ተፈትቶ ሌላ ጊዜ «ተበላሽቷል» መባሉ፣
* አንዱ ፋይል ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ ቅጂዎቹ አለመመሳሰላቸው።

ስህተት ሲገኝ

በመጀመሪያ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ ጠፍቶ ሙከራው ይደገማል። ስህተቱ ከጠፋ ችግሩ የአስተካከል ነው፤ ፍጥነቱን ትንሽ መቀነስ ወይም የባዮስ ማሻሻያ መጫን ይበቃ ይሆናል። ካልጠፋ ካርዶቹ አንድ በአንድ በዚያው ስሎት ይሞከራሉ። ስህተቱ አንዱን ካርድ ተከትሎ ወደየትኛውም ስሎት ከሄደ የተበላሸው ካርዱ ነው። ካርዱ ተቀይሮም በዚያው ስሎት ላይ ከቀረ ደግሞ ስሎቱ፣ ማዘርቦርዱ ወይም ፕሮሰሰሩ ይጠረጠራል። የካርዱን እግሮች በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ ማጽዳትም በአቧራና በዝገት የመጣውን ችግር አንዳንድ ጊዜ ያስወግዳል።

ራሙ ተቀየረ ማለት ጉዳቱ አበቃ ማለት አይደለም። በተበላሸው ራም ጊዜ የተጻፉና የተገለበጡ ፋይሎች ተከፍተው መታየት አለባቸው። ከችግሩ በፊት የተወሰደ መጠባበቂያ ካለ በአዲሱ አይተካም፤ ጤነኛው ቅጂ እሱ ሊሆን ይችላልና።

ያገለገለና አስመሳይ ራም

ያገለገለ ራም ከያገለገለ ዲስክ የተሻለ አማራጭ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም፣ በመጻፍም እንደ ፍላሽ አያልቅም። ዋናው አደጋ ተለጣፊው ከውስጡ ጋር አለመስማማቱ ነው። በካርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የአምራቹ ስም፣ መጠኑና ፍጥነቱ ተመዝግቧል። ይህን በዊንዶውስ ሲፒዩ-ዚ በተባለው ፕሮግራም፣ በሊኑክስ ደግሞ በዲኤምአይዲኮድ ትእዛዝ ማንበብ ይቻላል። ይህም መዝገብ ሊቀየር ስለሚችል፣ ተለጣፊውን፣ መዝገቡንና በቺፖቹ ላይ የተጻፈውን ማስተያየት ይመከራል። ሦስቱ ከተስማሙ በኋላም ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ወይም በመመለሻው ቀን ገደብ ውስጥ ሙሉ ሙከራ መደረግ አለበት።